ስንተኛው ነው? ከእነማን?
የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ፦ በኤክስኤምኤል ፍለጋ የተገኘን ኤለመንት ተራ ቁጥር ማወቅ

ኤክስኤምኤል መረጃን በታጎች እየከፋፈለ የሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት ነው፤ መክፈቻ ታግ፣ መዝጊያ ታግና በመካከላቸው ያለው አንድ ላይ ኤለመንት ይባላል። ለዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ። የተፈለገው ኤለመንት ተገኝቷል፤ ስንተኛው ላይ እንደሆነ ግን አልታወቀም፣ ወይም የመጣው ቁጥር የተሳሳተ ነው። ቋንቋችን «ስንተኛ» የሚል ምቹ ቃል አለው። ኮምፒውተሩ ግን ይህ ቃል ብቻውን አይበቃውም፤ «ከእነማን መካከል?» የሚለው አብሮ መነገር አለበት። ከታች ከምታዩዋቸው ስሕተቶች አብዛኞቹ ይህ ሁለተኛው ጥያቄ በመዘለሉ የመጡ ናቸው።

መልሶቹን ሁሉ በዚህች ፋይል ላይ እንሠራቸዋለን፦

<ቤተመጻሕፍት>
  <መደርደሪያ>
    <መጽሐፍ ሁኔታ="አለ"><ርዕስ>ሰዋስው</ርዕስ></መጽሐፍ>
    <መጽሐፍ ሁኔታ="ወጥቷል"><ርዕስ>ካርታ</ርዕስ></መጽሐፍ>
    <መጽሐፍ ሁኔታ="አለ"><ርዕስ>ስሌት</ርዕስ></መጽሐፍ>
  </መደርደሪያ>
  <መደርደሪያ>
    <መጽሐፍ ሁኔታ="አለ"><ርዕስ>ታሪክ</ርዕስ></መጽሐፍ>
    <መጽሐፍ ሁኔታ="ወጥቷል"><ርዕስ>ስሌት</ርዕስ></መጽሐፍ>
  </መደርደሪያ>
</ቤተመጻሕፍት>

የፈንክሽኖችንና የትእዛዞችን ስም እዚህ እንደሚነበቡት በፊደላችን አትመናቸዋል፤ ስትሠሩ በላቲን ፊደል ትጽፏቸዋላችሁ። ቅንፉ፣ ሰረዙና ነጠላ ጥቅሱ እንዳለ ይወሰዳል። የፍለጋ መስመሮቹ የተጻፉበት ቋንቋ ኤክስፓዝ ይባላል፤ በ/ የሚለየው እያንዳንዱ ክፍል እርምጃ፣ // «በየትኛውም ጥልቀት»፣ በማዕዘን ቅንፍ ያለው ደግሞ ማጣሪያ ነው።

ጥያቄ፦ «ካርታ» የሚለው መጽሐፍ በመደርደሪያው ላይ ስንተኛ እንደሆነ ለማወቅ //መጽሐፍ[ርዕስ='ካርታ']/ፖዚሽን() ብዬ ጻፍኩ። መልሱ 1 ነው። «ታሪክ» ብዬ ብቀይረውም 1 ነው። የት ተሳሳትኩ?

መልስ፦ ፖዚሽን() የሚቆጥረው መደርደሪያውን አይደለም፤ በዚያች ቅጽበት በእጁ ያለውን ዝርዝር ነው። ማጣሪያው ሥራውን ጨርሶ አንድ መጽሐፍ ብቻ አስቀርቷል፤ ከአንድ መጽሐፍ ዝርዝር ውስጥ ደግሞ አንደኛው ራሱ ነው። የመለሰልዎት ትክክል ነው፣ የጠየቁት ግን ሌላ ነበር። (ይህ አጻጻፍ የሚሠራው ከኤክስፓዝ 2.0 ጀምሮ ነው። የ1999ኙ 1.0 በመንገዱ ውስጥ ፈንክሽንን እንደ እርምጃ ስለማይቀበል የአጻጻፍ ስሕተት ብሎ ይመልሰዋል።)

በሁሉም ሥሪት የሚሠራው ዘዴ ከፊቱ ያሉትን እኩዮቹን (በዚያው ወላጅ ሥር ያሉትን) ቆጥሮ አንድ መጨመር ነው፦

ካውንት(//መጽሐፍ[ርዕስ='ካርታ']/ፕሪሲዲንግ-ሲብሊንግ::መጽሐፍ) + 1

መልሱ 2 ነው። ከሁለቱ ነጥቦች በኋላ «መጽሐፍ» ማለትዎ ወሳኝ ነው። በዚያ ቦታ ኮከብ (*) ቢያስቀምጡ ማንኛውም ዓይነት ኤለመንት ይቆጠራል፤ ከመጽሐፎቹ በፊት አንድ የመደርደሪያ ስም የያዘ ኤለመንት ቢኖር ቁጥሩ ሁሉ በአንድ ይዘልላል።

ይህ መስመር ሁለት ወጥመድ አለው፤ ሁለቱም ስሕተት ሳያሳዩ የውሸት ቁጥር ስለሚሰጡ ጠበቅ አድርገን እንናገራለን። አንደኛ፣ የሌለ ርዕስ ቢፈልጉ የሚቆጠር ነገር አይኖርም፤ 0 ሲደመር 1 ደግሞ 1 ይሆናል። የሌለው መጽሐፍ «አንደኛ ላይ ነው» ተብሎ ይመጣል። ስለዚህ አስቀድመው ቡሊያን(//መጽሐፍ[ርዕስ='...']) ብለው መኖሩን ያረጋግጡ።

ሁለተኛው የከፋ ነው። ከአንድ በላይ ከተገኘ ካውንት() የሁሉንም ቀዳሚዎች አንድ ላይ ሰብስቦ ይቆጥራል። በምሳሌያችን «ስሌት» በመጀመሪያው መደርደሪያ ሦስተኛ፣ በሁለተኛው ደግሞ ሁለተኛ ነው። ቀዳሚዎቻቸው 2 እና 1 ናቸው፣ ድምሩ 3፣ አንድ ሲጨመር 4 ይመጣል። የትኛውም መደርደሪያ ላይ አራተኛ መጽሐፍ የለም! ሁለቱ በአንድ መደርደሪያ ላይ ቢሆኑ ኖሮ የኋለኛው ቁጥር ብቻ ነበር የሚመጣው፣ ምክንያቱም አንድ ኖድ (የሰነዱ አንድ አካል፣ እዚህ አንድ መጽሐፍ) በስብስቡ ውስጥ ሁለት ጊዜ አይቆጠርም። ኤክስፓዝ 2.0 ካለዎት ቆጠራውን ለእያንዳንዱ ለየብቻ ያስደርጉት፦

//መጽሐፍ[ርዕስ='ስሌት']/(ካውንት(ፕሪሲዲንግ-ሲብሊንግ::መጽሐፍ) + 1)

መልሱ 3 እና 2 ይሆናል። 1.0 ብቻ ካለዎት የተገኙትን በፕሮግራምዎ አንድ በአንድ እየወሰዱ በእያንዳንዱ ላይ ካውንት(ፕሪሲዲንግ-ሲብሊንግ::መጽሐፍ) + 1 ያስሉ።

በመደርደሪያ ሳይሆን በጠቅላላው ፋይል ስንተኛ እንደሆነ ከፈለጉ ፕሪሲዲንግ-ሲብሊንግ የሚለውን በፕሪሲዲንግ ይተኩት። ነገር ግን ፕሪሲዲንግ ወላጆችንና አያቶችን አይጨምርም። ክፍል በክፍል ውስጥ በሚቀመጥበት ሰነድ ላይ ካውንት(ፕሪሲዲንግ::ክፍል | አንሴስተር::ክፍል) + 1 ካላሉ ቁጥሩ ይጎድላል።

ጥያቄ፦ በካውንት የሚሠራውን ዘዴ አውቀዋለሁ፤ በሙከራ ፋይሌም ሠርቷል። ከሌላ ድርጅት በመጣልን ፋይል ላይ ግን በ//* አግኝቼ ስቆጥር ለሁሉም 1 ይላል።

መልስ፦ የፋይሉን የመጀመሪያ ኤለመንት ይክፈቱና ኤክስኤምኤልኤንኤስ="..." የሚል አትሪቢዩት (በታጉ ውስጥ የሚጻፍ ስምና ዋጋ) እንዳለው ይዩ። ካለው ነባሪ ኔምስፔስ (ስሞቹ የየትኛው ወገን እንደሆኑ በአድራሻ የሚለይ ምልክት) አለ ማለት ነው። በኤክስፓዝ 1.0 ቅድመ ቅጥያ የሌለው «መጽሐፍ» የሚለው ስም «ኔምስፔስ የሌለው መጽሐፍ» ማለት ብቻ ነው። ስለዚህ በኮከብ ያገኙት ኤለመንት አለ፤ ከፊቱ «መጽሐፍ» እየተባለ የሚቆጠረው ግን ባዶ ነው፤ 0 ሲደመር 1፣ ሁልጊዜ 1።

በሚጠቀሙበት መሣሪያ ላይ ለዚያ ኔምስፔስ ቅድመ ቅጥያ ያስመዝግቡ፣ ለምሳሌ «መ»፤ ከዚያ መ:መጽሐፍ ብለው ይፈልጉም ይቁጠሩም። ቅጥያው ፋይሉ ውስጥ ካለው ጋር አንድ መሆን የለበትም፣ አንድ መሆን ያለበት አድራሻው ነው፤ በአድራሻው መጨረሻ ላይ ያለች አንዲት / እንኳ ብትጎድል አይገጥምም። በ2.0 *:መጽሐፍ ማለት ይቻላል፤ ለፈጣን ምርመራ ጥሩ ነው፣ ለዘላቂ ሥራ ግን አንመክረውም።

ጥያቄ፦ //መጽሐፍ[1] የመጀመሪያውን መጽሐፍ ብቻ እንዲያመጣ ፈልጌ ነበር፤ ሁለት አመጣ። መጽሐፍ[2][@ሁኔታ='አለ'] ደግሞ ምንም አያመጣም፤ በመደርደሪያው ላይ «አለ» የተባሉ ሁለት መጽሐፎች እያሉ።

መልስ፦ ማዕዘን ቅንፉ የሚጣበቀው ከአጠገቡ ካለው እርምጃ ጋር ነው። //መጽሐፍ[1] ሲተረጎም «በየትኛውም ወላጅ ሥር የመጀመሪያ የሆነ መጽሐፍ» ነው፤ ሁለት መደርደሪያ ስላለ «ሰዋስው» እና «ታሪክ» ይመጣሉ። ከሁሉም አንዱን ብቻ ከፈለጉ ዝርዝሩን አስቀድመው በክብ ቅንፍ ይዝጉት፦ (//መጽሐፍ)[1]። ለላስት()ም ያው ነው፤ (//መጽሐፍ)[ላስት()] የመጨረሻውን ብቻ ይሰጣል።

ሁለተኛው ጉዳይ ቅደም ተከተል ነው። ማጣሪያዎች ከግራ ወደ ቀኝ ይሠራሉ፤ እያንዳንዱ ያለፉትን እንደ አዲስ ከ1 ይቆጥራል። መጽሐፍ[2][@ሁኔታ='አለ'] ማለት «ሁለተኛውን ያዝ፣ ካለ ስጠኝ» ነው፤ በመጀመሪያው መደርደሪያ ሁለተኛው «ካርታ» ነው፣ እሱ ደግሞ ወጥቷል። መጽሐፍ[@ሁኔታ='አለ'][2] ግን ያሉትን መርጦ ከእነሱ ሁለተኛውን፣ «ስሌት»ን ይሰጣል።

ወደ ኋላ የሚሄዱ አክሲሶች (እንደ ፕሪሲዲንግ-ሲብሊንግ ያሉ የፍለጋ አቅጣጫዎች) ላይ ደግሞ ቁጥሩ ከቅርብ ወደ ሩቅ ነው። በመጀመሪያው መደርደሪያ ካለው «ስሌት» ተነሥተው ፕሪሲዲንግ-ሲብሊንግ::መጽሐፍ[1] ቢሉ የሚያገኙት አጠገቡ ያለውን «ካርታ»ን ነው። በክብ ቅንፍ ዘግተው (ፕሪሲዲንግ-ሲብሊንግ::መጽሐፍ)[1] ካሉ ግን ዝርዝሩ ወደ ሰነዱ ቅደም ተከተል ይመለስና «ሰዋስው» ይመጣል።

አንድ ነገር እንጨምር። ቅንፉ ውስጥ የገባው ቁጥር ካልሆነ እንደ ተራ ቁጥር አይታይም። መጽሐፍ['2'] ሁሉንም ያመጣል፤ ባዶ ያልሆነ ጽሑፍ «እውነት» ተደርጎ ስለሚወሰድ። ቁጥሩ ከተጠቃሚ በጽሑፍ መልክ የሚመጣ ከሆነ መጽሐፍ[ፖዚሽን() = ነምበር($ቁ)] ብለው ይጻፉት፤ $ቁ ከተጠቃሚው የመጣውን የያዘ ተለዋዋጭ ነው።

ጥያቄ፦ የሁሉንም ተዛማጆች ተራ ቁጥር በአንድ ጊዜ የሚሰጥ ፈንክሽን አለ?

መልስ፦ አለ፤ ከኤክስፓዝ 2.0 ጀምሮ ኢንዴክስ-ኦፍ() ይባላል። ኢንዴክስ-ኦፍ(//መጽሐፍ/ርዕስ, 'ስሌት') ቢሉ 3 እና 5 ይመጣል፤ ቆጠራው በጠቅላላው ፋይል ነው። ምንም ካልተገኘ ባዶ ነው የሚመለሰው፣ ውሸት 1 አይደለም፤ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

ይሁን እንጂ የሚቆጥረው ርዕሶችን ነው፣ መጽሐፎችን አይደለም። አንድ መጽሐፍ ርዕስ ባይኖረው ከእሱ በኋላ ያለው ሁሉ በአንድ ያንሳል፤ ሁለት ርዕስ ያለው ካለ ደግሞ በአንድ ይጨምራል። ለእያንዳንዱ መጽሐፍ በትክክል አንድ ዋጋ እንዲቀርብ እንዲህ ይጻፉት፦

ኢንዴክስ-ኦፍ(//መጽሐፍ/ኖርማላይዝ-ስፔስ(ርዕስ[1]), 'ስሌት')

ርዕስ የሌለው መጽሐፍ ባዶ ጽሑፍ ሆኖ ቦታውን ይይዛል። በዚያውም በርዕሱ ዙሪያ ያሉ ክፍተቶችና የመስመር መስበሪያዎች ይወገዳሉ፤ «እያየሁት አይገጥምም» የሚባለው አብዛኛው ቅሬታ ከዚያ ነው የሚመጣው። የማይሰበረውን ክፍተት ግን ኖርማላይዝ-ስፔስ አያነሳውም፤ ሁለት ነጥባችንም (፡) በእሱ ዘንድ ክፍተት ሳይሆን ተራ ምልክት ነው።

በአማርኛ ዳታ ለምትሠሩ ሁሉ የሞክሼ ፊደላት ነገር አለ። ለኤክስፓዝ ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ ፍጹም የተለያዩ ፊደላት ናቸው። «ሥራ» ብሎ የተመዘገበ በ«ስራ» አይገኝም፤ <መጽሐፍ> እና <መፅሐፍ>ም ሁለት የተለያዩ ኤለመንቶች ስለሆኑ እኩል አይቆጠሩም። ለይዘቱ መፍትሔው ሁለቱንም ወገን ወደ አንድ መልክ ማምጣት ነው፦

ትራንስሌት(ርዕስ, 'ሠሡሢሣሤሥሦ', 'ሰሱሲሳሴስሶ')

ሰባቱንም ዘር መዘርዘር ግዴታ ነው። ሁለተኛው ዝርዝር ካነሰ ትርፎቹ ፊደላት ከጽሑፉ ይሰረዛሉ፤ ስለዚህ ሁለቱን አሰልፈው ይቁጠሩ። የሚፈለገውንም ቃል በዚያው ወንፊት ያሳልፉት።

ጥያቄ፦ ታጎቻችንን በግእዝ ፊደል ነው የምንጽፈው። አንዱ ፓርሰር (ፋይሉን አንብቦ የሚተነትን ፕሮግራም) ይቀበላል፣ ሌላው የመጀመሪያው ታግ ላይ ያቆማል። ፋይሉ ያው ነው።

መልስ፦ የሕጉ ሥሪት ልዩነት ነው። የ1998ቱ ኤክስኤምኤል 1.0 በስም ውስጥ የሚፈቀዱትን ፊደላት ከዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት የኮምፒውተር መለያ ቁጥር መዝገብ) 2.0 ላይ ዘርዝሮ ቆለፈ። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ3.0፣ በ1999 ነው፤ ዝርዝሩ አመለጠው። በ2004 የወጣው ኤክስኤምኤል 1.1 ከፈተው፣ የ1.0 አምስተኛ እትም ደግሞ በ2008 ፈቀደ። የቆየውን ሕግ የሚከተሉ ፓርሰሮች ግን እስካሁን አሉ። በታጎቹ መካከል ያለው ጽሑፍ ከመጀመሪያውም አልተከለከለም፤ ክልከላው እንደ ኤለመንትና አትሪቢዩት ባሉ ስሞች ላይ ብቻ ነው። ፋይሉ ወደ ማታውቁት ሥርዓት የሚላክ ከሆነ ስሞቹን በላቲን ብትጽፉ ይሻላል።

ጥያቄ፦ በኤክስኤስኤልቲ (ኤክስኤምኤልን ወደ ሌላ መልክ በሚቀይረው ቋንቋ) ፖዚሽን()ን ተጠቅሜ ተራ ቁጥር ሳወጣ 2፣ 4፣ 6 ይላል።

መልስ፦ አፕላይ-ቴምፕሌትስን ያለ ሰሌክት ጠርተዋል። እንዲህ ሲጠራ ልጆቹን ሁሉ ይወስዳል፤ በታጎቹ መካከል ያሉት የመስመር መስበሪያዎችም እንደ ጽሑፍ ኖድ ይቆጠራሉ። ሰሌክት="መጽሐፍ" ይበሉት፤ ወይም በስታይልሺቱ (በኤክስኤስኤልቲ ፋይልዎ) ራስጌ ላይ ስትሪፕ-ስፔስን ያስገቡ። የማይክሮሶፍቱ ኤምኤስኤክስኤምኤል እነዚህን ክፍተቶች ሲጭን በነባሪው ስለሚጥላቸው ያው ስታይልሺት እዚያ 1፣ 2፣ 3 ይሰጣል፤ መሣሪያ ሲቀየር ድንገት የሚያስደነግጠው ይህ ነው።

ሶርት ካለ ፖዚሽን() ከተደረደረ በኋላ ያለውን ቦታ ይናገራል። በዋናው ፋይል ያለውን ቦታ ከፈለጉ ኤክስኤስኤል:ነምበርን ይጠቀሙ።

ጥያቄ፦ በኤክስኩዌሪ (በኤክስፓዝ ላይ በተመሠረተው የመጠይቅ ቋንቋ) የወጡትን መጽሐፎች ከነተራ ቁጥራቸው ማውጣት እፈልጋለሁ። አንዳንዴ የመጀመሪያ ቦታቸውን፣ አንዳንዴ ደግሞ 1፣ 2፣ 3 የሚለውን።

መልስ፦ ለመጀመሪያው «አት» የሚለው ተለዋዋጭ ተሠርቶልዎታል፦

ፎር $መ አት $ቁ ኢን //መጽሐፍ
ዌር $መ/@ሁኔታ = 'ወጥቷል'
ሪተርን $ቁ

ውጤቱ 2 እና 5 ነው። ቁጥሩ የሚሰጠው ዌር ከማጣራቱ በፊት ስለሆነ ቦታው ይጠበቃል፤ ኦርደር ባይም አይነካውም። ማጣሪያውን ወደ ላይ አውጥተው //መጽሐፍ[@ሁኔታ='ወጥቷል'] ካሉት ግን 1 እና 2 ይሆናል። ከማጣራትና ከመደርደር በኋላ ያለውን ተራ ቁጥር በንጹሕ መንገድ የሚሰጠው በኤክስኩዌሪ 3.0፣ በ2014 የገባው የካውንት ሐረግ ነው፤ ከኦርደር ባይ በኋላ ካውንት $ተ ብለው ያስቀምጡት። በፎር ውስጥ ፖዚሽን()ን አይጥሩ፤ ፎር የአሁኑን ኖድ አይለውጥም፣ ስለዚህ ወይ ሌላ ዝርዝር ይቆጥራል ወይ ኤክስፒዲዋይ0002 የሚል ስሕተት ይወረውራል።

ጥያቄ፦ ኤክስኤምኤሉ በዳታቤዝ አምድ ውስጥ ነው። በኤስኪውኤል (በዳታቤዝ መጠይቅ ቋንቋ) ስንተኛነቱን እንዴት ላውጣ? በፖስትግሬስኪውኤልም በኤስኪውኤል ሰርቨርም እንሠራለን።

መልስ፦ በፖስትግሬስኪውኤል ከሥሪት 10 ጀምሮ ኤክስኤምኤልን ወደ ሠንጠረዥ የሚቀይር ኤክስኤምኤልቴብል አለ፤ ከአምዶቹ አንዱን ፎር ኦርዲናሊቲ ብለው ያውጁት፣ ከ1 ጀምሮ ራሱ ይቆጥራል። የሚቆጥረው ግን የሠንጠረዡን መደዳዎች የሚመርጠው ኤክስፓዝ ያመጣውን ብቻ ነው። ስለዚህ የመደዳው መንገድ //መጽሐፍ ብቻ ይሁን፤ ማጣሪያውን በውጭ ባለው ዌር ላይ ያድርጉ። በመንገዱ ውስጥ ካጣሩ የመጀመሪያው ቦታ ጠፋ ማለት ነው። ኦራክልም ይህንኑ አጻጻፍ ይቀበላል።

በኤስኪውኤል ሰርቨር ነገሩ ጠበቅ ይላል። ፖዚሽን() ከማዕዘን ቅንፍ ውጭ አይፈቀድም፣ «አት»ም የለም። በኖድስ() መጽሐፎቹን ወደ መደዳ ከቀየሩ በኋላ ለእያንዳንዱ መደዳ እንዲህ ይጠይቁ፦

ቫልዩ('ፎር $ይ ኢን . ሪተርን ካውንት(../መጽሐፍ[. << $ይ]) + 1', 'ኢንት')

<< የሚለው ምልክት «በሰነዱ ውስጥ ከእሱ በፊት ያለ» ማለት ነው፤ ቆጠራው በወላጁ ሥር ነው። ብዙ ሰው ሮው_ነምበር() ኦቨር (ኦርደር ባይ የኖዱ አምድ) ይጠቀማል፤ ፈጣን ነው። ኦርደር ባይ (ሰሌክት ነል) ብለው ግን አይተዉት፤ ያ ምንም ቅደም ተከተል አያስገድድም፣ ዛሬ ትክክል የመጣው ዳታው ሲበዛ ሊዛባ ይችላል። ሮው_ነምበር የሚሰላው ከዌር በኋላ መሆኑንም ያስታውሱ፤ ቁጥሩን በውስጠኛው ኩዌሪ አውጥተው ማጣሪያውን በውጭኛው ያድርጉ።

ጥያቄ፦ 100,000 መዝገብ ባለው ፋይል ላይ ለእያንዳንዱ በካውንት ተራ ቁጥር አወጣለሁ፤ አያልቅም።

መልስ፦ አንደኛው 0 ቀዳሚ፣ ሁለተኛው 1፣ የመጨረሻው 99,999 ቀዳሚ አለው፤ ሲደመር 4,999,950,000 እርምጃ ነው። መዝገቡ በእጥፍ ሲያድግ ሥራው በአራት እጥፍ ያድጋል። ካውንት ለአንድ ወይም ለጥቂት ኤለመንት ነው የሚስማማው። ለሁሉም ከሆነ አንድ ጊዜ ከላይ ወደ ታች እየሄዱ ቆጣሪ ይጨምሩ፦ በኤክስኩዌሪ «አት»፣ በኤክስኤስኤልቲ ፎር-ኢች ውስጥ ፖዚሽን()፣ በፓይተን ኢኒዩመሬት(ዝርዝር, 1)።

ፓይተንን ካነሣን፦ ዝርዝሩ ከ0 ስለሚጀምር ያንን 1 አይርሱት። አብሮት የሚመጣው ኤለመንትትሪ መጽሐፍ[3] እና [ላስት()]ን ያውቃል፤ ካውንት()ንና ፕሪሲዲንግ-ሲብሊንግን ግን አያውቅም፣ ለእነሱ ኤልኤክስኤምኤል የሚባለው ተጨማሪ ላይብረሪ ያስፈልጋል። እሱም ካውንትን 3.0 አድርጎ ይመልሳል፤ በኤክስፓዝ 1.0 ቁጥር ሁሉ ነጥብ ያለው ስለሆነ ኢንት() ያድርጉት። ኢንዴክስ() የሚለው የኤልኤክስኤምኤል ዘዴ ኮሜንቶችንም ይቆጥራል፤ በዚያው ወላጅ ሥር ከኤለመንቱ በፊት አንድ ኮሜንት ካለ ከካውንት ጋር አይገናኝም።

ጥያቄ፦ እኔ የምፈልገው በፋይሉ ውስጥ ስንተኛው መስመር ላይ እንደሆነ ነው፤ ለተጠቃሚ ስሕተቱን ለማሳየት።

መልስ፦ ኤክስፓዝ መስመር አያውቅም፤ ፋይሉ ወደ ዛፍ ሲቀየር መስመሩ የዛፉ አካል አይደለም። መረጃውን መያዝ ያለበት ፓርሰሩ ነው። በኤልኤክስኤምኤል ሶርስላይን ይሰጥዎታል፤ በቆዩት ሥሪቶች ከ65,535 በላይ አይቆጥርም፣ ምክንያቱም በ16 ቢት ነው የሚያዘው። በዶትኔት ኤክስዶኪዩመንትን ሲጭኑ ሎድኦፕሽንስ.ሴትላይንኢንፎ ካላሉ በኋላ ማግኘት አይቻልም። በጃቫ ሳክስ (ፋይሉን እያነበበ ያገኘውን ታግ በየተራ የሚያስታውቅ የፓርሰር ዓይነት) ላይ ሎኬተሩ የሚናገረው ታጉ የተዘጋበትን ቦታ ነው፤ መክፈቻ ታጉ ከነአትሪቢዩቶቹ በሦስት መስመር ከተዘረጋ ሦስተኛውን መስመር ይነግርዎታል። ለተጠቃሚው ሲያሳዩ «እስከዚህ መስመር ድረስ» ብለው ይጻፉት።